የኤፍ-5 ሆድ ምን ቀለም ነበረው? የሦስት አንጋፋዎች ትዝታና የአንድ ጄት አጠባበቅ

ጥያቄው የተነሣው በአንድ ሥዕል ምክንያት ነው። በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን የሚታሰበውን የካራማራ ድል ምክንያት በማድረግ፣ በቸርችል ጎዳና አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ አነስተኛ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን ነበር፤ የእኔ ድርሻ ከፎቶግራፎቹ ሥር የሚለጠፈውን ማብራሪያ መጻፍ ነበር። ከተሰበሰቡት ፎቶግራፎች አንዱ ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት መሬት ላይ ቆሞ፣ አብራሪው መሰላሉን ሲወጣ፣ ሁለት የምድር ባለሙያዎች ደግሞ ከሥሩ ጎንበስ ብለው ያሳያል። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። ሠዓሊያችን ይህንኑ ጄት በቀለም ሊሠራው ስለ ፈለገ ሆዱ፣ ማለትም የአካሉና የክንፉ የታችኛው ገጽ፣ ምን ቀለም እንደ ነበረው ጠየቀኝ። የሚያውቁ ሰዎችን ፍለጋ ስነሣ የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር። አምስት ወር ወሰደብኝ፤ ጥያቄውም ከሥዕሉ አልፎ ከአገልግሎት የወጣን የጦር ጄት ለትውልድ ማቆየት ምን ማለት እንደ ሆነ ወደሚለው ጉዳይ ወሰደኝ።

ስለ አውሮፕላኑ አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ-86 ሴበር የተባሉትን አሜሪካ ሠራሽ ጄቶች ከታጠቀ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ኤፍ-5ኤ ተከተለ፤ የተሻሻለው ኤፍ-5ኢ ደግሞ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ሊፈነዳ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ደረሰ። ርዝመቱ 14.45 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.13 ሜትር የሆነ ትንሽ ጄት ነው፤ ሁለት ጄ-85 ሞተሮች፣ አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች፣ በክንፎቹ ጫፍ ላይም ሙቀት ተከትለው የሚሄዱ ሳይድዋይንደር ሚሳይሎች ይጫኑለታል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወርር የእነዚህ ጥቂት ጄቶች ዋና ሥራ የጠላትን ሚግ-21 እና ሚግ-17 አየር ላይ መጥለፍ ሆነ። የሶማሊያን ጄቶች መትተው በመጣል፣ በኋላም ተማርከው ከዐሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት በመቆየት ስማቸው የሚነሣው ለገሠ ተፈራ ያበሩት ይህንኑ ጄት ነው። የሰማዩ የበላይነት ወደ ኢትዮጵያ እጅ የገባው የኩባ ወታደሮች በብዛት ከመድረሳቸው በፊት እንደ ነበር ልብ ሊባል ይገባል። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ግን ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ከተቋረጠ ከርሟል። መለዋወጫ የማይመጣለት ጄት ዕድሜው የታወቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአየር ኃይሉ ዘመን የሶቪየት ሚጎች ዘመን ሆነ።

የመንደር ሰው፣ የቀድሞ ባልደረባና የዕድር ዳኛ እያፈላለጉ ያገናኙኝ ሦስት የምድር ባለሙያዎች ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ተስማማን በሙያቸው እጠራቸዋለሁ፤ አንደኛው የሞተር፣ ሁለተኛው የአካልና የቀለም ጥገና፣ ሦስተኛው የጦር መሣሪያ፣ እነርሱ እንደሚሉት የ«አርማመንት»፣ ባለሙያ ነበሩ። ሦስቱም ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ሐረር ሜዳ በተባለው የአየር ኃይሉ ጣቢያ ሠልጥነው የሠሩ፣ በጦርነቱ ጊዜም ወደ ድሬዳዋ የተላኩ፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ጡረታቸውን ሳያዩ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ስምንት ጊዜ ተቀመጥን፤ ሁልጊዜም ከፖስታ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ቡና ቤት ነበር። ወዲያ ማዶ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ትግላችን ሐውልት ይታያል። ይህ ቦታ መመረጡ በአጋጣሚ ቢሆንም ለሥራው ጠቅሟል፤ በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጸውን የጦርነቱን ታሪክ እየተመለከቱ «እኛ የት አለን?» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ጥያቄው የቅሬታ አልነበረም፤ ከሥዕሉ ውስጥ ራሳቸውን በእርግጥ እየፈለጉ ነበር።

ፎቶግራፉን በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸውና ስለ ሆዱ ቀለም ጠየቅኋቸው። የአካልና የቀለም ባለሙያው ሳያመነቱ «ፈዛዛ ግራጫ» አሉ። የመሣሪያ ባለሙያው «የለም፣ ሰማያዊ ነው፤ ሰማይ የመሰለ» አሉ። የሞተር ባለሙያው ፎቶግራፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ቀለሙን ሳይሆን እድፉን ነው የማስታውሰው።» ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተከራከሩ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ቡና ቀጂዋ ልጅ ሳትቀር «ጋሽዬ፣ ግራጫ በሉትና ይለቅ» እስከ ማለት ደርሳ ነበር።

የሞተር ባለሙያው መልስ ከጥያቄዬ መሸሽ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ኤፍ-5ኢ በራሱ ኃይል ሞተሩን ማስነሣት አይችልም። የታመቀ አየር የሚያቀብል ጋሪ አጠገቡ ይቆምና ወፍራም ቱቦው ከጄቱ ሆድ ሥር ይገጠማል፤ አየሩ ሞተሩን ካሽከረከረው በኋላ ነው ነዳጅና እሳት የሚገናኙት። ቱቦውን የሚገጥመውና የሚነቅለው ሰው ከሆዱ ሥር ይንበረከካል፤ ሁለቱም ሞተሮች ሲያጓሩ ቱቦውን ነቅሎ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ እያሰበ ይወጣል። «ጭንቅላቴ ላይ የሚንጠባጠበው ቀዩ የሃይድሮሊክ ዘይት ነበር። ነዳጁ ወደ ኋላ የሚፈስበት መስመር አለ፤ ጥላሸቱ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። እኔ ጄቱን በእድፉ ለይቼ አውቀው ነበር፤ ቁጥሩን ሳላይ» አሉኝ። እድፉ መረጃም ነበር። ቀዩ ጠብታ ትናንት ከነበረበት ቦታ ዛሬ አንድ ስንዝር ቢቀድም የትኛው ቧንቧ እንደ ላላ ይናገራል። እንግዲህ ጄቱን አጥቦ፣ ጠራርጎ፣ አብረቅራቂ ቀለም ቀብቶ የሚያቆም ሙዚየም እኚህ ሰው የሚያውቁትን አውሮፕላን አያሳይም፤ ሌላ አውሮፕላን ነው የሚያሳየው።

ከዚህ ንግግር ሌላም ነገር ተማርኩ። አንድ ጄት ከአገልግሎት ሲወጣ ጄቱ ራሱ በአንድ ጥግ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል፤ የአየር ጋሪው፣ መሰላሉ፣ የሚሳይል መጫኛው፣ የጎማ ማቆሚያ ታኮው ግን መጀመሪያ ወደ ቁርጥራጭ ብረት የሚሄዱ ናቸው። ለሕዝብ በሚታይበት ጊዜም ጄቱ ብቻውን ስለሚቆም ተመልካቹ አብራሪውን እንጂ ሌላ ሰው አያስብም። ለአንድ በረራ ስንት ሰው ከሥሩ እንደ ተንበረከከ የሚመሰክረው ያ ዝገት የበላው ጋሪ ነው። አንድ ሰው ጄት እንዲጠበቅ ሲጠይቅ ጋሪውንም አብሮ ቢጠይቅ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የጥያቄው ግማሽ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። የመሣሪያ ባለሙያው ከሦስቱ በዕድሜ ትንሹ ሲሆኑ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ያገለገሉ፣ ከኤፍ-5 በኋላ በሚግ-21 እና በሚግ-23 ላይም የሠሩ ናቸው። የሶቪየት ተዋጊ ጄቶች ሆዳቸው ብዙውን ጊዜ ፈዛዛ ሰማያዊ ይቀባ ነበር። ይህንን ሳውቅ ነገሩ የተፈታ መሰለኝ፤ ሰውዬው ለዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ከሰማያዊ ሆድ ሥር ሚሳይል ሲጭኑ ስለ ኖሩ የኋለኛው ትዝታ የፊተኛውን ሸፍኖታል ብዬ ደመደምኩ። በአምስተኛው ቀን ይህንኑ በአክብሮት ነገርኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝና «ልጄ፣ የአሜሪካ ቀለም ሲያልቅ በምን ቀባነው ትላለህ?» አሉኝ።

የአካልና የቀለም ባለሙያው ዝም አሉ። ቆይተው፣ እርሳቸው ድሬዳዋ ላይ ታመው ወደ ሌላ ክፍል የተዛወሩት በ1970 ዓ.ም. እንደ ሆነ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የነበረው ቀለም ግራጫ እንደ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ጄቶቹ በምን እንደ ተቀቡ ግን እንደማያውቁ አመኑ። ሁለት ሳምንት የተከራከሩት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል ማለት ነው። የኋለኛው ቀለም ከሶቪየት ጣሳ የተቀዳ መሆን አለመሆኑን በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ከጄቱ ገላ ላይ ግን ይቻላል። በእርጅና ላይ ባለ አውሮፕላን ላይ ከዓይን ራቅ ያለች፣ ከሳንቲም የማትበልጥ ቦታ መርጦ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ በዝግታ ቢፍቋት ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ቀለበት ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ከሁሉ ሥር ክሮሜት ያለበት አረንጓዴ ቢጫ መነሻ ቀለም ይገኛል። ይህ መነሻ ቀለም መርዛማ ስለሆነ ሥራው ጭምብልና ጓንት ይፈልጋል፤ በደረቁ መፋቅ አይገባም። የቀለም ባለሙያው ይህንን ስነግራቸው «እንደ ቤት በር አንቲሩጂን እንዳይመስላችሁ» ብለው እጃቸውን አሳዩኝ፤ ቆዳቸው ዛሬም ድረስ የተጎዳ ነው።

የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። አንድን ጄት እንደ ገና መቀባት አንድን ዓመት መምረጥ ነው። የ1969ኙን ጄት እንመልስ ካልን የኋለኞቹን ዓመታት፣ የመለዋወጫ ችግሩን፣ ባገኙት ቀለም እየለጠፉ ማብረሩን እናጠፋለን፤ ያለውን ቀለም እንደ ነበረ እንተወው ካልን ደግሞ አየር ላይ የታገለውን ጄት አናይም። ሁለቱም ምርጫ ሊደገፍ ይችላል። ሊደገፍ የማይችለው ሳይጠይቁና ሳይፍቁ፣ ለበዓል ይድረስ ተብሎ፣ ከገበያ በተገዛ ቀለም መቀባት ነው፤ ያን ጊዜ የታችኛው ምስክርነት አብሮ ይቀበራል፣ ሦስቱ ሰዎች ደግሞ ካለፉ የሚጠየቅ አይኖርም።

ስለ አካላዊ አጠባበቁ የጠየቅኋቸው ሰዎች የተስማሙበት ነገር ብዙ ነው፤ ቢሾፍቱ ያሉትን ከአገልግሎት የወጡ ጄቶችም ሆነ አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ መሐል ሊመጣ የሚችለውን ይመለከታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ የካኖፒውን፣ ማለትም የአብራሪውን ክፍል ክዳን፣ መስተዋት መሰል ፕላስቲክ ያደበዝዘዋል፣ ጎማውን ይሰነጥቀዋል። የክረምቱ ዝናብ ከላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ውስጥ ገብቶ መውጫ ሲያጣ የሚያደርሰው ይብሳል፤ አሉሚኒየሙ ከብረት ብሎን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ውኃ ሲቆም የአሉሚኒየሙን ቅይጥ ነጭ ዱቄት እስኪሆን ይበላዋል። ስለዚህ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በየጊዜው መከፈት፣ የሞተሩ አፍና ጭራ እርግብ እንዳይገባበት በመረብ መሸፈን፣ ክብደቱ ከጎማዎቹ ላይ ተነሥቶ በብረት ድጋፍ ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ከሁሉ በፊት ግን በአደጋ ጊዜ አብራሪውን ወደ ውጭ የሚወረውረው የማስፈንጠሪያ ወንበርና የካኖፒው ፈንጂዎች መነሣታቸውን ሙያው ያለው ሰው አይቶ መፈረም አለበት። የመሣሪያ ባለሙያው በዚህ ላይ ቆጣ ብለው ነበር የተናገሩት፤ «ሕፃን ልጅ ኮክፒት ውስጥ አስቀምጠው ፎቶ ያነሣሉ። ወንበሩን ማን አየው?» አሉ። ጣሪያ ካለ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ አብዛኛው ይቀራል፤ ሌላው ሁሉ ጣሪያ ላጣ ጄት የሚደረግ ማስታገሻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። የአየር ኃይሉ ጄቶች ወራሪን ብቻ አልመቱም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን በገበያ ቀኗ ከአየር ተደብድባ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። ይህ የሚግ ዘመን ነው፤ ኤፍ-5 አይደለም። ነገር ግን አንድ አየር ኃይል፣ አንድ ሐረር ሜዳ፣ እነዚሁ እጆች ናቸው። ስጠይቅ አንደኛው መቅረጫውን እንዳጠፋ ምልክት ሰጡኝ። የተናገሩትን አልጽፈውም፤ አለቀሱ ማለት ግን እችላለሁ። ከዚህ ከተቀመጥንበት እስከ መስቀል አደባባይ በእግር ብዙም አይርቅም፤ እዚያ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፣ እዚህ ደግሞ ትግላችን። አንድ ዘመን ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቦታ ቆሟል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማብራሪያ በየትኛውም በኩል አላነበብኩም። ጄት የሚያሳይ ሙዚየም ቢቋቋም ይህንን ድልድይ የመሥራት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። የካራማራ ድል የሚያኮራ ሆኖ ሳለ ሐውዜንን መጥቀስ ድሉን አያሳንሰውም፤ አንጋፋዎቹ ራሳቸው ሁለቱንም በአንድ ደረት ይዘው ነው የሚኖሩት።

በዚህ ሥራ መካከል ደጋግሜ ያሰብኳት ፀሐይን ነው። በ1928 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት የተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ትንሽ አውሮፕላን ጣልያኖች ወስደዋት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከሮም አቅራቢያ በሚገኘው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ተቀምጣ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ገላዋ ተርፏል። ነገር ግን ስለ እርስዋ ሲነገር የመሐንዲሱ ስም ይጠራል እንጂ እንጨቷን የላጉ፣ ጨርቋን የወጠሩ፣ ብሎኗን ያጠበቁ ኢትዮጵያውያን ስም አብሮ ሲጠራ አልሰማሁም። ያኔ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ዛሬ ደግሞ ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም። የኤፍ-5 ባለሙያዎች ግን አሁንም ቡና ይጠጣሉ።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ዐውደ ርእዩ በቀኑ ተከፍቷል። ሠዓሊያችን ጄቱን ከወገቡ በላይ ብቻ በቀለም ሠርቶ ሆዱን በእርሳስ መስመር ብቻ ተወው፤ ከሥሩ የሁለቱ ሰዎች ምስክርነት፣ ግራጫውም ሰማያዊውም፣ ከነዓመቱ ተጽፎ ተለጠፈ። አንዳንድ ተመልካቾች ሥዕሉ ያላለቀ መስሏቸው ጠይቀዋል፤ የመሣሪያ ባለሙያው ራሳቸው አጠገቡ ቆመው ቀኑን ሙሉ ሲያስረዱ ዋሉ። ቢሾፍቱ ካሉት ጄቶች በአንዱ ላይ የቀለም ምርመራ እንዲደረግ የጻፍነው ደብዳቤ ለሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ መልስ አልመጣም፤ በድጋሚ ጽፈናል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተሰጠው የቅርስ ትርጉም የሰው ልጅ የሥራ ውጤት የሆነና ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያቅፍ በመሆኑ ደብዳቤያችን በዚያ ላይ ተመሥርቷል። ከ11 ሰዓት በላይ የሚሆነው የድምፅ ቅጂም በሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ አንዱን ለወመዘክር ለመስጠት የባለታሪኮቹን የጽሑፍ ፈቃድ እያሰባሰብን ነው፤ ሁለቱ ፈርመዋል፣ ሦስተኛው ስለ ሐውዜን የተናገሩት ውስጥ አለመኖሩን ራሳቸው ሰምተው ካረጋገጡ በኋላ ለመፈረም ጠይቀዋል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

በስምንተኛው ቀን የሞተር ባለሙያው ከበረራ በፊት የሚነቀሉትን ቀይ ሪባን ያላቸውን የመጠበቂያ ፒኖች እንዲቆጥሩልኝ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ከጠረጴዛው በላይ አንሥተው በጄቱ ዙሪያ የሚሄዱ ያህል ከአፍንጫው እግር ጀምረው ወደ ቀኝ ዞሩ። በክንፉ ጫፍ ሲደርሱ የመሣሪያ ባለሙያው «እርሱ የእኔ ነው» ብለው ተቀበሏቸው፤ የሚሳይሉን ፒኖች ቆጥረው መልሰው ሰጧቸው። ሲጨርሱ የሞተር ባለሙያው ባዶ እጃቸውን ፒን እንደ ያዘ ሰው ወደ ላይ አንሥተው ለማይታይ አብራሪ አሳዩ፣ አብራሪውም አይቶ ራሱን እስኪነቀንቅ ጠበቁ።